ለጅማ ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ፦ መዋቅር ከመሳሉ በፊት ሥራው ይቆጠር

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የሰው ኃይል ዕቅድንና የመዋቅር ጥናትን ይመለከታል

ክቡር ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። መዋቅር ይሳላል፣ በየሣጥኑ የሥራ መደብ መጠሪያ ይገባል፣ ከጎኑ የሰው ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ሣጥኖቹ ይከፋፈላል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ሚዛናዊ የውጤት ምዘና ተከተለ፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ተጨመረ። ስሙ ተለዋወጠ እንጂ ቅደም ተከተሉ እምብዛም አልተነካም። የምርቱ መጠን ሳይገመት ኬሻ ሲሰፋ ነው የኖረው። እኛ የምንጠይቀው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው፤ ያውም የሚቀጥለው በጀት ዓመት የሰው ኃይል ጥያቄ ለፋይናንስ ከመላኩ በፊት።

መነሻው «ስንት ሰው አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ለአንድ ጽሕፈት ቤት ብቻ አራት የተለያዩ መልሶች አሉት። በመዋቅር የጸደቀ መደብ አለ፣ ከጸደቀው ውስጥ በጀት የተያዘለት አለ፣ በጀት ከተያዘለት ውስጥ ሰው የተመደበበት አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። ለምሳሌ ያህል 30 መደብ የጸደቀለት፣ 24ቱ በጀት ያላቸው፣ በ21ዱ ላይ ሰው የተመደበበት፣ ወንበር ላይ ግን 16 ሰው የሚገኝበት ክፍል እንውሰድ። የክፍሉ ኃላፊ «9 ሰው ይጎድለናል» ይላል። ፋይናንስ «የሚጎድላችሁ 3 ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ባለጉዳዩን የሚያጉላላው ግን በ21 እና በ16 መካከል ያለው ክፍተት ነው፦ ለትምህርት የሄደ፣ ወደ ሌላ ቢሮ በትውስት የተሰጠ፣ በኮሚቴ ተጠምዶ የከረመ፣ ወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች። ይህ ክፍተት በቅጥር አይዘጋም። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ስማቸው ስላለ በሪፖርትም አይታይም። ስለዚህ አራቱም ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ማንም ኃላፊ ይህን ሠንጠረዥ ሳያያይዝ ተጨማሪ ሰው እንዳይጠይቅ ይደረግ።

ቀጥሎ ሥራው ይለካ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8 ሰዓት፣ ዓርብ 7 ሰዓት፣ በአማካይ በቀን 7.8 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 260 የሥራ ቀን አለ። ከዚህ ላይ በሥራ ቀን የሚውሉ በዓላትን 10፣ የዓመት ፈቃድን በአማካይ 24፣ ለሕመም፣ ለሐዘንና ለሥልጠና ደግሞ 10 ቀን ብናነሳ 216 ቀን ይቀራል፤ ወደ 1,685 ሰዓት ማለት ነው። ስብሰባው፣ ሪፖርቱ፣ ግምገማው ሃያ በመቶውን ይወስዳል ብንል (ይህ የለጋስ ግምት ነው፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ከዚያ በላይ ይሄዳል) አንድ ሠራተኛ ለባለጉዳይ የሚሰጠው በዓመት 1,348 ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ የሰው ኃይል ጥናቶች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። 2,000 ሰዓት ብለው ይነሱና ወረቀት ላይ ሰው ተርፎ ይታያል፣ መስኮቱ ላይ ግን ሰልፍ ነው።

አሁን አንድ አገልግሎት ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የየትኛውም ጽሕፈት ቤት አይደሉም። በዓመት 9,000 የንግድ ፈቃድ እድሳት ይመጣል፣ አንዱ 35 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በድምሩ 5,250 ሰዓት፤ ለ1,348 ሲካፈል 3.9። አራት ሰው ይበቃል፣ ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ሥራው በአሥራ ሁለቱ ወር እኩል አይመጣም። ሐምሌ ሲገባ የግብሩም የእድሳቱም ወረፋ አብሮ ይገባል፤ ጅማ ላይ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ለቀማው ስለሚደርስ የንግዱ እንቅስቃሴ ይጦፋል። ከመዝገቦቹ ስልሳ በመቶው በአራት ወር ውስጥ ቢመጣ በወር 1,350 መዝገብ፣ ወደ 788 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሠራተኛ በወር በአማካይ 112 ሰዓት ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው 7 ሰው ነው። በቀሩት ስምንት ወራት ግን ሦስት ሰው ይበቃል። «አራት» የሚለው አማካይ ቁጥር በጥድፊያው ወቅት ሦስት ሰው ያጎድላል፣ በቀዝቃዛው ወቅት አንድ ሰው ሥራ ያስፈታል።

መፍትሔው ሰባት ቋሚ መቅጠር አይደለም። በእነዚያ አራት ወራት የዓመት ፈቃድ እንዳይወጣ በፈቃድ መርሐ ግብር አስቀድሞ ከተያዘ፣ የአንድ ሠራተኛ ወርኃዊ ሰዓት ከ112 ወደ 125 ገደማ ያድጋል፤ ሰባቱ ወደ 6.3፣ ማለትም ወደ ስድስት ገደማ ይወርዳሉ። አንድ መደብ ያለ ምንም ወጪ ተገኘ። ከአራቱ ቋሚዎች በላይ የሚያስፈልጉትን ሁለቱን በወቅቱ ሥራ ከሚቀንስባቸው ክፍሎች ማምጣት ይቻላል፤ ግን ሰኔ ላይ ሠልጥነው፣ የሲስተሙ የይለፍ ቃል ተሰጥቷቸው፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማስተናገድ የሚችሉ ሆነው ተለይተው መቆየት አለባቸው። ሐምሌ 5 ቀን «ሰው አበድሩን» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም፤ የመጣው ሰው ሥራውን ሲለምድ ወረፋው አልፎ ይሆናል።

35 ደቂቃ የሚለው ቁጥር ከየት ይምጣ? ከኃላፊው አፍ አይምጣ። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአገልግሎት ስታንዳርድም አይምጣ፤ እሱ ቃል የተገባው እንጂ የተለካው አይደለም። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓይነት ቢያንስ 30 መዝገብ ሰዓት ተይዞ ይለካ፤ ቀላሉና ውስብስቡ ይለይ። ማስረጃ ጎድሎት ተመልሶ እንደገና የመጣ መዝገብ ሁለት ጊዜ ስለተሠራ ሁለት ጊዜ ይቆጠር። ሲለካ የሚገጥመው ችግር የታወቀ ነው፦ ሠራተኛው «ሊቀንሱኝ ነው» ብሎ ይሰጋና ሥራውን ያንቀረፍፋል። ስለዚህ የሠራተኛ ስም እንደማይመዘገብና ውጤቱ ለዲሲፕሊን እንደማይውል ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ልኬት ደግሞ ይጣል። የሚለካ ሰው ከየት ይገኛል የሚለው ጅማ ላይ ጥያቄ ሊሆን አይገባም። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው ያደረገ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። ተማሪዎቹ ሩቅ ሳይሄዱ እዚሁ መስኮት አጠገብ ሰዓት ይዘው ቢቀመጡ ለትምህርታቸውም ለከተማዋም ይበጃል።

የፍላጎቱ ጎን ይህ ነው። የአቅርቦቱ ጎን ከዚህ ይቀላል፤ የጡረታ ዕድሜ 60 ስለሆነ 55 የሞላውን ሁሉ ከግል ማኅደር አውጥቶ በየዓመቱ መደርደር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ይህ ሳይሠራ ሲቀር ግን ጡረታ የሚወጣው ሰው ተተኪ ሳይዘጋጅለት ይሄዳል። ማስታወቂያ፣ ምዝገባ፣ ፈተና፣ ውጤት፣ ቅሬታ፣ ቅጥር፣ ከዚያም የሙከራ ጊዜ አለ፤ ሰኔ ላይ የሚወጣ ሰው ተተኪው ኅዳር ላይ መታሰብ ነበረበት። በተለይ ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ ሲጎድሉ ሥራ የሚያቆሙ መደቦች አሉ፦ ቀያሽ፣ ኦዲተር፣ የሲስተም ባለሙያ፣ የድሮ መዝገብ የት እንዳለ በቃሉ የሚያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ የደረጃ ምደባው ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በወጣ ማግስት ግን የመሬት ክፍሉ ፋይል ሲፈልግ ይውላል።

ወደ መዋቅሩ የምንመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሳያው ሣጥን ሳይሆን መዝገቡ የሚሄድበት መንገድ ይሁን። የቤት ስም ዝውውርን ተመልከቱ፦ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ነባሩ ፋይል ይፈለጋል፣ ለኃላፊ ይቀርባል፣ ይመራል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ቀያሽ ይወጣል፣ ቡድን መሪ ያረጋግጣል፣ ኃላፊ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። መዝገቡ በእያንዳንዱ እጅ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፤ የሚያድረው በሁለት እጆች መካከል ነው። ባለጉዳይ «ስብሰባ ናቸው» የሚባለው እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ በየርክክቡ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳ፦ ይህ ፊርማ የሚጨምረው ቁጥጥር ምንድን ነው? ቡድን መሪው ያየውን ኃላፊው ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ አንዱ ፊርማ ትርፍ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት (የብዙ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በአንድ አዳራሽ የሚሰጥበት) ብዙ ከተሞችን አነሳስቷል፤ መልካም ነው። እንዲህ ዓይነት ማዕከል ሲደራጅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መስኮቱ ወደ አዳራሹ መጥቶ የመፈረም ሥልጣኑ በእናት መሥሪያ ቤቱ እንዳይቀር ነው። እንደዚያ ከሆነ መዝገቡ በሞተር ሳይክል ተመላልሶ ይፈረማል፤ ባለጉዳዩ አንድ ቦታ ቢቀመጥም ጊዜው አላጠረለትም። እያንዳንዱ ተወካይ ምን እንደሚወስን፣ እስከ ምን ያህል ብር ወይም ስፋት እንደሚወስን፣ እሱ ሲቀር ማን እንደሚተካው በጽሑፍ ውክልና ይሰጠው። ውክልናው ካልተሰጠ አዳራሹን ባያስመርቁ ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሁለት ባለሙያ የያዘ ቡድን መሪ፣ ሁለት ቡድን መሪ የያዘ ዳይሬክተር ይገኛል። ምክንያቱ ሥራው ያን ያህል መሪ ስለሚፈልግ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ደረጃ ስለሆነ ጎበዝ ባለሙያን ለማቆየት ያለው መንገድ ቡድን ከፍሎ መሪ ማድረግ ብቻ ይሆናል። ውጤቱ ድርብ ኪሳራ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ይጠፋል፣ ደካማ ኃላፊ ይገኛል፣ የፊርማው ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራበት መስኮት አንድ ቡድን መሪ ከ8 እስከ 12 ሰው መምራት ይችላል፤ ሥራው ጥናትና ምርመራ ከሆነ 5 ወይም 6 ይበቃል። ከሦስት ሰው በታች ያለው ቡድን ይታጠፍ፤ በምትኩ ከፍተኛ ባለሙያ የሚባለው መደብ የእውነት ይከፈት፣ ወደዚያ የሚያደርሰውም የአገልግሎት ዘመን ብቻ ሳይሆን በተግባር የተፈተነ ችሎታ ይሁን።

መዋቅር ተከልሶ ድልድል ሲደረግ የሚበላሸው ነገር ሁሌም አንድ ነው። መስፈርቱ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ይሻሻላል፣ ቅሬታ ሰሚው ከደልዳዩ ጋር አንድ ሰው ይሆናል፣ ሠራተኛው ለወራት ልቡ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ሰው ከመደብ ወደ መደብ ሲዘዋወር ፋይል ርክክብ አይደረግም። ድልድል ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ አይደረግ፤ ከየካቲት እስከ መጋቢት ያለው ይሻላል። መስፈርቱ ከውድድሩ 15 ቀን በፊት ይለጠፍ፤ በቅሬታ ኮሚቴው ውስጥ ድልድሉን የሠራ አንድም ሰው አይግባ፤ የተዘዋወረ ሠራተኛ በእጁ ያሉትን መዝገቦች በዝርዝር ፈርሞ ሳያስረክብ አዲሱን ደብዳቤ አይውሰድ።

በሁሉም ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ጊዜ ጀምሩ አንልም፤ በዚያ መንገድ የተጀመረ ሁሉ ቅጽ መሙላት ሆኖ ነው የሚቀረው። ባለጉዳይ የሚበዛባቸው ሦስት ይመረጡ፦ ንግድ፣ ገቢዎች፣ መሬት። በየካቲት ልኬቱ ይሠራ፤ በመጋቢት አራቱ ቁጥሮችና የጡረታው ዝርዝር ከሥራ ሰዓት ስሌቱ ጋር ይያያዙ፤ በሚያዝያ የሰው ኃይል ጥያቄው በዚሁ ሠንጠረዥ ተደግፎ ለበጀት ይቅረብ። ሠንጠረዡ የሠራተኛ ስም ስለማይይዝ በየጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ለልኬቱ ቅጽ ማዘጋጀትና ለለኪዎቹ የሁለት ቀን ሥልጠና መስጠት ካስፈለገ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በጅማ ከተማ የምንኖር የሰው ሀብት ሥራ አመራር ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለጅማ ከተማ ምክር ቤት