ስለ ቆጋ ሽንኩርትና ስለ ፎገራ ሩዝ

ለአዘጋጁ፣

ይህን የምጽፈው የቆጋና የፎገራ አርሶ አደሮች ምርት ባሕር ዳር ላይ ስለሚገጥመው የገበያ ችግር ነው።

የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። መስኖው አጠገብ ያለችው የመራዊ ከተማ ደግሞ ከከተማችን የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ሆኖም ሽንኩርቱ ከማሳ ተነስቶ ጉልት እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል! ደላላን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም። ገበሬው በአንድ ሰሞን ይተክላል፣ በአንድ ሰሞን ይነቅላል። ሽንኩርት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዓመት አይጠብቅም። ማከማቻ የሌለው ሰው የተባለውን ዋጋ ተቀብሎ ይሸጣል። ሰሞኑ ሲያልፍ ደግሞ እኛው በውድ እንገዛለን። በደንብ የደረቀ ሽንኩርት ከመሬት ከፍ ባለ፣ ነፋስ በሚያገኝ መጋዘን ለሳምንታት ይቆያል። ለዚህ እንጨትና ቆርቆሮ ይበቃል።

የሩዙ ነገር እኛን ሸማቾችንም ይነካል። ፎገራ አጠገባችን እያለ ከውጭ የገባውን እንመርጣለን። የአገር ውስጡ ይሰባበራል እንላለን፤ እውነት ነው። ይህ ግን በአብዛኛው የመፈልፈያ ማሽን ጣጣ እንጂ የገበሬው ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር በእሁድ ገበያ ለአርሶ አደር ማኅበራት ብቻ የሚሆን ቦታ ይለይ። ማኅበራቱ መራዊ ላይ የጋራ የሽንኩርት መጋዘን፣ የፎገራ ከተማ በሆነችው ወረታ ላይ ደግሞ የተሻለ የሩዝ መፈልፈያ እንዲያቆሙ ብድር ይመቻችላቸው። መጋዘኑ ከመጪው የመስኖ ምርት በፊት ሊደርስ ይችላል።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር