ለቱሪዝም ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ፦ «የግድ ይታይ» ሲባል መቼ እንደሚታይም ይነገር

ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመስህብ ዝርዝሮች ላይ ወር፣ ሰዓትና የቦታው የሰሞኑ ሁኔታ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

አገራችን ከ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ትሰፋለች። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ሁሉ ሊያዳርስ አይችልምና «በኢትዮጵያ የግድ ሊታዩ የሚገባቸው» የሚል ዝርዝር በእጁ ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩ የቦታውን ስምና አንድ የሚያምር ፎቶ ይሰጠዋል። ፎቶው በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት እንደተነሣ ግን አይነግረውም። ብዙ እንግዳ ተከፍቶ የሚመለሰው በዚህች ክፍተት ምክንያት ነው።

ጢስ ዓባይ ዋናው ማሳያ ነው። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በየፖስተሩ የምናየው ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቡናማ የውኃ መጋረጃ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው መልኩ ነው። ያን ጊዜ ውኃው ለዓይን ሳይደርስ ጉርምርምታው ይሰማል፤ ከማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው በርጭቱ ርሶ የካሜራውን መስታወት ደጋግሞ ይወለውላል። በመጋቢት እዚያው ቦታ የቆመ እንግዳ ግን የሚጠብቀው ጥቁር ገደልና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ በጋው ብቻ አይደለም። ከፏፏቴው ራስጌ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀምረዋል። ከጣና የሚወጣውን ውኃ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ይመጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያም ከሐይቁ የወሰደውን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ይለቅቃል። መብራት ለሕዝብ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ጎብኚው ግን ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ከመጓዙ በፊት ዛሬ የሚወርደው ውኃ ምን ያህል እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። ለዚህም በየጠዋቱ ከመመልከቻው ላይ ተነሥቶ ቀኑ የተጻፈበት አንድ ፎቶ ይበቃል።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ መመልከቻው የሚወጣ ሰው ዞሮ በጀልባ ሊመለስ ይችላል። ወንዙ ሲሞላ ግን ጀልባው ይቆማል፤ በመጣበት ጭቃ መመለስ ግድ ይሆናል። ፏፏቴው እጅግ የሚያምርበት ወር መንገዱ እጅግ የሚያዳልጥበት ወር መሆኑ ይጻፍ። ጫማ መርጦ የሚመጣው አንብቦ ነው።

ቀጥሎ የምናነሣው የቀን አቆጣጠር ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በውጭዎቹ አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 አይውልም። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በዚያ ዓመት ለጃንዋሪ 19 ማታ የመመለሻ ቲኬት የቆረጠ እንግዳ ጎንደር ላይ ከተራን ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ጠዋት የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ተባርኮ ወጣቱ ውኃው ውስጥ ሲዘል ያመልጠዋል። የገና ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጃንዋሪ 7 እንደሆነ ይቀራል፣ በእኛ ግን በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ይውላል። ላሊበላ ላይ «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን የገና ዝማሬ ለመስማት የሚመጣ ሰው ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ተጽፈው ሊያገኛቸው ይገባል።

ሰዓቱም ያው ነው። በአማርኛ «ከጠዋቱ 3፡00» የሚለው ሰሌዳ ቁጥሩ ሳይቀየር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገለበጥ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል። አውሮፕላን በውጭው ሰዓት፣ አውቶቡስ በእኛ ሰዓት ይነሣል። «11 ሰዓት» የተባለ እንግዳ ንጋት ላይ ያመለጠውን አውቶቡስ እኩለ ቀን ሊደርስ ሲል መጥቶ ይፈልጋል።

ስሜን ተራሮች ላይ ስሕተቱ ጤናን ይነካል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ፣ በ2017 ከዚያ ወጣ፤ ለዚህ የደከሙ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውም፣ ስካውት (አጃቢ የፓርክ ጠባቂ) የሚያዘውም ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አርፍዶ የተነሣ ሰው ቢሮው ተዘግቶ ይደርስና አንድ ቀን ይባክንበታል። ዋናው ጉዳይ ግን ከፍታው ነው። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ናቸው። ከአፋር ቆላ ወጥቶ ወዲያው ጨነቅ ላይ የሚያድር ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊነሣው ይችላል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር አድሮ፣ በግጭ በኩል ቀስ እያሉ መሄድ ይሻላል። ሕመሙ ከባሰ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሲነጋ እናያለን አይባልም። ዝርዝሮቻችን ዋሊያና ጭላዳን ያሳያሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንደሚጥል ግን አይናገሩም።

ላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የአምልኮ ቦታ ናቸው፤ ሙዚየም አይደሉም። ለጎብኚ ቀትር ላይ ይዘጋሉ። በጠዋቱ በረራ የገባ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ከተማ ደርሶ ዕቃውን እስኪያስቀምጥ ምሳ ሰዓት ይሆንበታል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ስለሚገፋ ፕሮግራሙ ሁሉ ይቀየራል። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድሞ ቢነገር፣ በሩ ላይ የሚደርሰው ቅያሜ ይቀራል።

ሐረር ላይ ጅብ የሚመገበው ከመሸ በኋላ ነው። ድሬዳዋ አድሮ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ቀን ጎብኝቶ የሚመለስ ሰው ይህን አያየውም፤ ሐረር ማደር አለበት። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የሚታየው የድንቅነሽ አጽም ቅጂ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ። እውነተኛው አጽም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ነውና ለምን እንደሚጠበቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢብራራ ማንም ይረዳል።

ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የዌይብን ወንዝ ደጋግሞ መሻገር ስላለ በክረምት አይሞከርም። ኤርታሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈሰሰው ላቫ በኋላ የቀድሞው የላቫ ሐይቅ እንደ ድሮው አይታይም፤ የድሮው ፎቶ ግን ዛሬም ይሠራጫል። በዚያው አካባቢ ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ እንዳየነው፣ የእሳተ ገሞራ አገር የዓመት መረጃ አይበቃውም። ዳሎል ላይ ደግሞ ቅርፊቱ ስስ፣ ውኃውም ጽኑ አሲድ ነው፤ መሪው የረገጠበትን ብቻ እየረገጡ መሄድ ግዴታ መሆኑ ከፎቶው ሥር ይስፈር።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስህብ ስም አጠገብ የተሻለው ወርና የማይሆነው ወር፣ የመክፈቻ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከፍታው፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ቦታ፣ የመንገዱና የጸጥታው ሁኔታ፣ በመጨረሻም መረጃው የታደሰበት ቀን እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀን የሌለው መረጃ እውነት ይሁን ያረጀ መለየት አይቻልም። መረጃውን ማደስ ያለበት አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን በቦታው ቲኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በስልክ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ከባድ ከሆነ የጢስ ዓባይ የጠዋት ፎቶ ይቅደም፤ ውኃው ሞልቶ ሳለ ከመስከረም 1 ጀምሮ።

ከአክብሮት ጋር
ጎብኚ የምናጅብ አስጎብኚዎች