የጾም ኬክና የኮሽም ፍሬ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የምግብ ገጽ ላይ የሚወጡትን የኬክ አሠራሮች ለዓመታት እየቆረጥኩ በደብተሬ ውስጥ የማስቀምጥ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ዛሬ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝ የኮሽም ነገር ነው። ለኬክ ብርቱካን፣ ፖም፣ ሙዝና ዘቢብ በየጊዜው ሲመረጡ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ አጥር ላይ የሚበስለው ይህ ፍሬ አንድም ቀን ስሙ ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አንኮበር አካባቢ ባደግሁበት መንደር ኮሽም የሚፈለገው ይበልጥ ለእሾሁ ነበር፤ ከብት የማይደፍረው አጥር ይወጣዋል። ፍሬው ሲበስል አረንጓዴነቱን ትቶ ቢጫና ብርቱካንማ ይሆናል። መዓዛው ደስ ይላል፤ ጣዕሙ ግን ገና ምላስ ሲነካ ዐይን የሚያስጨፍን ኮምጣጣ ነው። ልጆች ሳለን እጃችን እየተቧጨረ ለቅመን በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን እንመጣ ነበር፤ ለቤት ግን ማንም ቁም ነገር ብሎ አይቆጥረውም።

ጥቅሙ የገባኝ በዐቢይ ጾም ነው። የጾም ኬክ ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ችግሩን አያጣውም፤ እንቁላሉ ሲቀር ኬኩን ኩፍ የሚያደርገውና የሚያያይዘው ነገር አብሮ ይቀራል። ቤኪንግ ሶዳ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ሊጡንም የሚያነሣው ይኸው አየር ነው። ብዙዎቻችን ለዚህ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ እንጨምራለን። ኮሽም ያንኑ ሥራ እየሠራ መዓዛውንና ቀለሙን ይጨምርልናል።

እኔ የበሰለውን ፍሬ አጥቤ፣ በጥቂት ውሃ ለዘብ ባለ እሳት ቀቅዬ፣ በወንፊት እያሸሁ ፍሬውን ከዘሩ እለያለሁ። ኮምጣጣው አሉሚኒየም ስለሚበላ ለዚህ የሸክላ ድስት ይሻላል። ለሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ግማሽ ብርጭቆ የኮሽም ጭማቂ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከአንድ ብርጭቆ ጥቂት የጎደለ ስኳር፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃዋል። ሶዳው ከዱቄቱ ጋር በደረቁ ተነፍቶ እርጥቡ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ሊጡ ወዲያው መንተክተክ ስለሚጀምር፣ ምድጃው አስቀድሞ ካልጋለ አየሩ በከንቱ ይወጣል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ቅሬታ ላቅርብ። ከጾሙ በፊት በገጻችሁ የወጣውን የብርቱካን ኬክ ከነመጠኑ ሳላዛንፍ ሠርቼ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከፓትራው አፍ በላይ ከተነሣ በኋላ መሐሉ ሰምጦ እንደ ጉድጓድ ሆኖብኛል። ሸዋ ሮቢት የምትኖረው እኅቴ በዚያው መመሪያ ጋግራ አምሮላታል። ምክንያቱ የእኔ ወይም የእኅቴ እጅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ከልክ በላይ ያብጣል፤ ኬኩ ሳይጠነክርም ይፈነዳና ይወርዳል። በደጋ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን መቀነስ፣ ውሃውን ጥቂት መጨመር፣ ሙቀቱንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ሦስት ኬክ ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ ለሦስቱም ዱቄትና ስኳር ገዝቻለሁ።

ስለ ዛፉም ልናገር። ዛሬ በየሰፈሩ የኮሽም አጥር እየተነቀለ በቆርቆሮ ይተካል። አንዳንዱ ሰውም «ይህኛው አያፈራም» እያለ ይቆርጠዋል። ኮሽም ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ ስለሆነ፣ የማያፈራው ወንዴው ሲቆረጥ የጎረቤቱ ሴቴ ዛፍም ፍሬ ሊያጣ ይችላል። ይህን ለጎረቤቴ ነግሬያቸው አጥራቸው ላይ የነበረውን አንድ ዛፍ ትተውታል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ከእንግዲህ የኬክ አሠራር ሲያወጣ ለደጋና ለቆላ የሚሆነውን መጠን ለይቶ ቢጽፍ፣ ከውጭ ከሚመጣው ፍሬ ጎን ለጎንም ለኮሽም ቦታ ቢሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፍሬውን አድርቆ ወይም በስኳር ቀቅሎ ለከርሞ የማቆየት ልምድ ያላቸው እናቶችም ካሉ በዚሁ ገጽ ቢጽፉልን፣ ወቅቱ ሲያልፍ ለሚቀጥለው ጾም የምናስቀምጠው ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን