ልጄ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንድትውል የተገባልን ቃል ባለመፈጸሙ የቀረበ ቅሬታ

ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለተማሪዎች ቅበላ ክፍል
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማን እንደሆንን፣ ከዶሃ መቼ እንደተመለስን፣ ልጄ እስካሁን የት እንደተማረች እዚህ አልደግመውም። ቅጹን ሦስት ጊዜ ሞልቼ ልኬላችኋለሁ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቅበላ ክፍላችሁ የደረሰኝ ኢሜይል ነው። «የመመዝገቢያውን ክፍያ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልፈጸሙ ለልጅዎ የተያዘው ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም» ይላል። ግንቦት 6 ቀን ስለሆነው ነገር አንድም ቃል የለውም። ምናልባት አልፌው ይሆናል ብዬ ሁለተኛ አነበብኩት። የለውም።

እንግዲያው ስለዚያ ቀን እኔ ልጻፍ።

ሚያዝያ 22 ቀን ባልደረባችሁ በትምህርት ቤቱ ኢሜይል እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ልጅዎ ረቡዕ ግንቦት 6 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ከ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ትውላለች። የምትመራት ተማሪ ትመደብላታለች። እርስዎም በዕለቱ ከመካከለኛ ደረጃው ኃላፊ ጋር ተገናኝተው ለጥያቄዎችዎ መልስ ያገኛሉ።» ግልጽ ቃል ነው። በዚህ ቃል ተማምነን ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ከኮምቦልቻ ቆረጥን። እኔ ከሥራዬ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤ ልጄም ከምትማርበት ክፍል ቀረች። መመለሻችን ለሐሙስ ጠዋት ነበር።

ይህን ቀን የጠየቅኩት ግቢውን ለማየት አይደለም። ግቢያችሁ ሰፊ እንደሆነ፣ የመዋኛ ገንዳና የቴአትር አዳራሽ እንዳላችሁ በላካችሁልኝ መጽሔት ላይ አይቻለሁ። ልጄ ዶሃ ውስጥ እንደ እናንተው ባለ ትልቅ ትምህርት ቤት፣ ከብዙ አገር ልጆች ጋር ስድስት ዓመት ተምራለች። ትልቅ ትምህርት ቤት የሚሰጠውንም የሚወስደውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ቤተ ሙከራው የተሟላ ነው፣ የቋንቋ ምርጫው ብዙ ነው፣ የማትወደው የስፖርት ዓይነት ቢኖር የምትወደው አይጠፋም። ነገር ግን የውጭ ሠራተኛ ቤተሰብ የአባት ውል ሲያልቅ ይነሳል። ሰኔ በመጣ ቁጥር አንድ የቅርብ ጓደኛ ትሸኝ ነበር። በ4ኛ ክፍል የሸኘቻት ልጅ ከሄደች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከሰው ጋር መጫወት አቁማ ነበር፤ የክፍል መምህሯ ይህን ያወቀችው እኛ ሄደን ስንነግራት ነው። ስለዚህ ልጄን አክስቷ ቤት አስቀምጬ፣ ከእናቷ ለይቼ እናንተ ዘንድ ላስገባት ሳስብ ማየት የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። መምህሩ የልጆቹን ስም ያውቃል? በምሳ ሰዓት አዲስ ልጅ ብቻዋን ትቀመጣለች ወይስ የሚጠራት አለ? ይህን መጽሔት አይነግረኝም። ልጄ ራሷ ውላ ማታ እንድትነግረኝ ነበር የፈለግኩት።

ረቡዕ ዕለት ከተባለው 2 ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድመን በራችሁ ላይ ደረስን። የጥበቃ ሠራተኛው ደብተሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። ስማችን አልነበረም። ሰውየው ጨዋ ነው፣ በእርሱ ቅሬታ የለኝም። ደውሎ አስፈቀደና ለልጄ «ጎብኚ» የሚል ቢጫ መታወቂያ በአንገቷ ላይ አጠለቀላት። ከዚያ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ልጄ አክስቷ ያሰናዳችላትን የምሳ ዕቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማታ የቀረጸቻቸውን ሦስት እርሳሶች ከቦርሳዋ አውጥታ ይዛ ነበር። የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ልጆቹ በመስታወቱ ማዶ እየተሯሯጡ አለፉ። ሁለተኛው ደወል ተደወለ። «አባዬ፣ ረሱን እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ እየመጡ ነው» አልኳት። ሦስተኛው ሲደወል እርሳሶቹን ወደ ቦርሳዋ መለሰቻቸው፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

የቅበላ ክፍል ባልደረባችሁ የመጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የተናገሩትን እንደሰማሁት አስቀምጠዋለሁ።

«ዛሬ ክፍል የሚገባ ጎብኚ የለንም፤ ፈተና ላይ ነን» አሉኝ። ያተምኩትን ኢሜይል ሰጠኋቸው። አነበቡትና «ይህን የጻፈችው ልጅ ከእኛ ጋር የለችም፤ ሥራ ለቅቃለች» አሉ። ቃሉን የሰጠኝ ትምህርት ቤቱ እንጂ አንዲት ሠራተኛ አይደለችም አልኳቸው። «ይህን ያህል መንገድ ከመምጣትዎ በፊት ደውለው ማረጋገጥ ነበረብዎ» አሉኝ። ሰኞ ዕለት ደውያለሁ፤ ስልኩን ያነሳው ሰው «በኢሜይል ከተነገረዎት በቂ ነው» ብሎኛል። ይህንንም ነገርኳቸው። «እንግዲያውስ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በሉ» አሉ፣ ከመገናኛ በታክሲ የመጣን ይመስል። የመጣነው ከኮምቦልቻ እንደሆነ፣ አውሮፕላናችን ነገ ጠዋት እንደሆነ ስገልጽ የመለሱልኝ ቃል ይህ ነው፦ «ለዚህ ቦታ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ቤተሰቦች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እዚያ እናንተ ጋ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?»

ይህን ያሉት ልጄ እየሰማች ነው።

እኛ ጋ ትምህርት ቤት አለ። የደሴው ወይዘሮ ስኅን አባቴን አስተምሯል፤ ከዚያ ወጥተው አገር ያገለገሉት ብዙ ናቸው። ወደ እናንተ የመጣሁት የአገሬን ትምህርት ንቄ አይደለም። ልጄ ስድስት ዓመት በእንግሊዝኛ፣ እናንተም በምታስተምሩበት ኢንተርናሽናል ባካሎሬት (አይቢ) በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ስለተማረች፣ በ7ኛ ክፍል ድንገት ሥርዓት ብትቀይር ይጎዳታል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። ሥርዓቱ የተዘጋጀው ለዚህ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አይቢ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጄኔቭ ላይ ሲቋቋም ዋነኛ ሐሳቡ ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ልጆች ትምህርታቸው እንዳይቆራረጥ ነበር። ከዶሃ ወደ ኮምቦልቻ የተዛወረች ልጅ ከዚህ ውጭ ናት ወይ? ዲፕሎማት ያልሆነ አባት ያላት ልጅ በዚያ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ስትጠብቅ የሚያፍር ሰው ሊኖር አይገባም ነበር ወይ?

ከመካከለኛ ደረጃው ኃላፊ ጋር ይኖረኛል የተባለው ቀጠሮም አልተፈጸመም። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ጥያቄዎቼን በጽሑፍ ትቼ ወጣሁ፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ መልስ የለም። እንዳይጠፉ እዚህም እጽፋቸዋለሁ። ከመምህራኑ መካከል የመጀመሪያ ውላቸው ካለቀ በኋላ የሚቆዩት ምን ያህል ናቸው? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ፣ በወረቀት ሳይሆን ዛሬ? በዓመቱ መካከል የሚሄዱና የሚመጡ ልጆችን የሚከታተል ሰው ማነው?

ለእኔ ከሁሉም የከበደው ግን የአማርኛው ጉዳይ ነው። ልጄ አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ማንበብ ላይ ግን ገና ናት። ደሴ ያሉት አያቷ ቅዳሜ ቅዳሜ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ሰቅለው እያስነበቧት አሁን አጭር ተረት በራሷ መጨረስ ጀምራለች። እናንተ ዘንድ አማርኛ የሚሰጠው ለጀማሪ የውጭ ዜጎች ብቻ ከሆነ ከ«ጤና ይስጥልኝ» ጀምራ ልትማር ነው ማለት ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ለምትናገር ልጅ የተለየ ክፍል አላችሁ? በአይቢ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት፣ በዲፕሎማው ደረጃ፣ አንድ ተማሪ መምህር በሌለበትም በትምህርት ቤቱ ድጋፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ ራሱ እያጠና የሚፈተንበት መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ለአማርኛ ይህን አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ከእናንተ ዘንድ የሚወጣ ልጅ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መግባት ቢፈልግ የአቻ ግምቱን፣ ማለትም ውጤቱ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን የማስመስከሩን ጉዳይ ማን ያስጨርሳል፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ ወላጅ? አንዱንም የሚመልስ ሰው አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ በዝምታ ባልፈው እንኳ ከዚያ በፊት ያለፍኳቸው ነገሮች አሉ። የማመልከቻ ቅጻችሁ የመኖሪያ ከተማ ሲጠይቅ የሚያስመርጠው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞችን ብቻ ስለሆነ «ቦሌ» ብዬ እንድሞላ በስልክ ተነገረኝ፤ ሐሰት መሙላት ስለማልፈልግ ቅጹ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የማመልከቻውን ክፍያ የከፈልኩበትን የባንክ ደረሰኝ ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስት ጊዜ «አልደረሰንም» ተብያለሁ። የክትባት ካርዷን ዋናውን አምጡ ተባልኩ፣ ይዤ ስመጣ ቅጂው ይበቃል ተባልኩ። የትናንቱ ኢሜይል ደግሞ ልጄን «ወንድ ልጅዎ» ይላታል። ማመልከቻውን ያነበበው ሰው ካለ ይህ አይሆንም ነበር።

የክፍያው ነገርም አለ። በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ በብር እንደሚከፈል ጽፋችኋል። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። በብር ደመወዝ የሚኖር ወላጅ የዓመቱን ሁለተኛ ክፍያ በስንት ብር እንደሚከፍል ሳያውቅ እንዴት ይፈርማል? ለወላጅ የሚቆረጥ የምንዛሪ ቀን እንድታስቀምጡ መጋቢት ላይ ጠይቄያለሁ። የተሰጠኝ መልስ «የፋይናንስ ክፍል ይመለከተዋል» የሚል ነው። የፋይናንስ ክፍሉ ስልክ አይነሳም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያ፣ የሦስቱ ቀን ገደብ ዛሬውኑ እንዲነሳልኝ እፈልጋለሁ። ውላ ያላየችውን ክፍል እንድገዛላት መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ሁለተኛ፣ ልጄ የተባለችውን ቀን ትዋል፤ ትምህርታችሁ ከመዘጋቱ በፊት፣ ስሟ በር ላይ ተጽፎ፣ የምትመራት ተማሪ በስም ታውቃ። የሁለታችንን የአውሮፕላን ትኬት ወጪ ትምህርት ቤቱ ይሸፍን፤ ይህን መጀመሪያ ላይ ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር፣ ከትናንቱ ኢሜይል በኋላ ግን እጠይቃለሁ። ለጥያቄዎቼ በጽሑፍ መልስ ይሰጠኝ። ልጄ እየሰማች ስለ ተነገረን ክፉ ቃልም ይቅርታ እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ፣ በስሟ በተጻፈ ደብዳቤ። በአማርኛ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ታነበዋለች።

እስከ ግንቦት 29 መልስ ካላገኘሁ የማመልከቻ ክፍያዬ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፤ ጉዳዩንም ለከተማው የትምህርት ጥራት ተቆጣጣሪ አካል አቀርባለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገንዘብ ከፍሎ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ስለ አገልግሎቱ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቅኩም።

በጥድፊያ ስንወጣ ቢጫው የጎብኚ መታወቂያ በልጄ አንገት ላይ ቀርቷል። ቤት ገብተን ነው ያየነው። አሁን የጽሑፍ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ በቀጠሮው ቀን ስንመጣ ለጥበቃ ሠራተኛው ራሷ ታስረክባለች።

ከአክብሮት ጋር፣

የ7ኛ ክፍል አመልካች አባት
ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ
ለፋይናንስ ክፍል