ሠንጠረዡ የዘለለው ሰው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የስፖርት ገጻችሁ ባለፈው ሳምንት ብቻቸውን ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ባሕረኞች የሚወዳደሩባቸውን አዳዲስ ባለሸራ ጀልባዎች በሠንጠረዥ አነጻጽሮ አውጥቷል። ርዝመት፣ ስፋት፣ የሸራ መጠን፣ የፎይል (ከጎኗ የሚወጣው ክንፍ) ቅርጽ፤ ሁሉም በየዓምዱ ተደርድሯል። ቁጥሮቹን አልነቅፍም። ሃያ ሁለት ዓመት በንግድ መርከብ ላይ በመኮንንነት ስሠራ ከቁጥር ጋር ነው የኖርኩት። ነገር ግን ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር አጣሁበት፤ በጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው።

ያነጻጸራችኋቸው አይሞካ የሚባለው ክፍል ጀልባዎች ርዝመታቸው 18.28 ሜትር ነው፤ ደንቡ ከዚያ አያሳልፍም። በአዳዲሶቹ ላይ ምሰሶውና ኪሉ፣ ማለትም ከሆዷ በታች የሚወርደው ከባድ ሚዛን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ ነዳፊዎቹ የሚለያዩት በቀረው ነው፦ በግንባሯ ቅርጽ፣ በፎይሎቹ፣ ሰውየው በሚውልባትና በሚያድርባት ጠባብ ስፍራ። ሠንጠረዣችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቆጥሮ ሦስተኛዋን ዘለላት። እኔ ደግሞ ትልቁ ልዩነት እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ፎይል የጻፋችሁት በመሠረቱ ትክክል ነው። ከጎኗ ወጥቶ የሚታጠፈው የካርቦን ክንፍ ውኃውን እየቀዘፈ ጀልባዋን ወደ ላይ ይገፋታል፤ ሆዷ ከውኃው ሲላቀቅ የሚጎትታት ነገር ይቀንሳል። ሴባስቲያን ሲሞን ባሕረኞች ለየብቻቸው ዓለምን በሚዞሩበት በ2024-25ቱ የቫንዴ ግሎብ ውድድር ብቻውን ሆኖ በ24 ሰዓት 615 የባሕር ማይል ሄዷል። በአማካይ ከ25 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ25 የባሕር ማይል፣ በላይ ማለት ነው። እኔ የሠራሁበት ትልቁ የጭነት መርከብ ባሕሩ ረግቶ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ 16 ኖት ከደረሰ ካፒቴናችን ፊቱ ይፈታ ነበር።

ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይጻፈው? በዚያ ውድድር ደንብ መሠረት እነዚህ ጀልባዎች በመሪያቸው ላይ የሚያነሣ ክንፍ እንዲኖራቸው አይፈቀድም ነበር። ግንባሯ በፎይሉ ይነሣል፤ ኋላዋን አግድሞ የሚይዝላት ነገር ግን የለም። ስለዚህ ትነሣለች፣ ትንሳፈፋለች፣ ትወድቃለች። ስምንት ቶን ገደማ የሚመዝን ነገር ከፊቱ ያለው ማዕበል ጀርባ ላይ ሲያርፍ በዚያ ፍጥነት ውኃ ውኃ አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ባሕረኞቹ ከጣሪያ በታች ተቀምጠው የራስ ቁር የሚያደርጉት ለፎቶግራፍ አይደለም። መሪውን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አውቶፓይለቱ ይይዝላቸዋል። የእነሱ ሥራ ገመድ መጎተት፣ ሸራ መለወጥ፣ እርጥብ የሸራ ከረጢቶችን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በደረት እየገፉ ማዛወር፣ በመሃል ደግሞ በተገኘችው ግማሽ ሰዓት ማሸለብ ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት ጀልባ ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ከመኝታው እስከ ዊንቹ፣ ማለትም እስከ ገመድ መጎተቻው፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ከተኛበት ቀና ሲል ምን ይታየዋል የሚል ነው።

ስለ ማየት ላንሣ። አንድ ሌሊት በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ተረኛ ሆኜ መስኮቱ ፊት ቆሜ ነበር። የአንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነጭ መብራት ታየኝና ጠፋ፤ ሰባት ስቆጥር ተመልሶ ታየ። ራዳሩ ላይ ጀልባዋ ከማዕበሉ ነጠብጣብ ጋር ተደባልቃ አትለይም ነበር። ይህን ያየሁት ከውኃው ሠላሳ ሜትር ያህል ከፍ ብዬ፣ ደረቅ ወለል ላይ፣ አንድ ቃፊር መርከበኛ ከጎኔ አቁሜ ነው። ያም ሆኖ ለመወሰን አመነታሁ።

ጀርመናዊው ባሕረኛ ቦሪስ ኸርማን በ2020-21ቱ የቫንዴ ግሎብ ውድድር ዓለምን ዞሮ፣ ከመድረሻው 90 ማይል ያህል ሲቀረው፣ በሌሊት ከዓሣ አጥማጅ መርከብ ጋር ተጋጨ። ተኝቶ ነበር፤ ማንቂያዎቹም አላነቁትም። እንደ ምንም ብሎ ገብቶ አምስተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ባሕር ላይ የወረደችው አዲሷ ማሊዚያ ሲኤክስፕሎረር ከዚህ በኋላ የተነደፈች ጀልባ መሆኗን ስመለከት ብዙ ነገር ይገባኛል። ጎኖቿ ከፍ ያሉ፣ ግንባሯ ከማዕበሉ ጀርባ ላይ እንዳይሰካ ወደ ላይ የተጎበጠ፣ ከጣሪያው በታች ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምባት፣ ዙሪያዋን መስኮት ያላት ናት። ጋዜጣችሁ «ከባድና ከፍ ያለች» ብሎ በአንድ መስመር አልፏታል። ይህችው ጀልባ በ2023 ባለ ብዙ ሰው ቡድን ይዛ ከኬፕታውን እስከ ብራዚሏ ኢታጃኢ ያለውን የደቡብ ውቅያኖስ ጉዞ አሸንፋለች። ኸርማን በ2024-25ቱ ቫንዴ ግሎብ ብቻውን ሲወዳደርባት ግን አሥራ ሁለተኛ ወጣ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

ከእርሷ ጋር የቻርሊ ዳሊንን ጀልባ አስተያዩ። ጊዮም ቬርዲዬ የነደፋት ማሲፍ ኮክፒቷ፣ ማለትም ባሕረኛው የሚሠራበት ስፍራ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ነው፤ ሰውየው ቅርፊት ውስጥ እንዳለ ኤሊ ነው። ገመዶቹ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣሉ እንጂ እርሱ ወደ ገመዶቹ አይወጣም። ዳሊን ገና ከመነሻው ከነዳፊው ጋር ተቀምጦ በእያንዳንዱ ነገር እየተከራከረ ያሠራት ናት። በዚያው በ2024-25ቱ ውድድር በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ገባ። ዮአን ሪሾም በአንትዋን ኮክና በፊኖ ኮንክ የተነደፈችውን ጀልባ ይዞ ተከተለው፤ እርሷ ይበልጥ የታሰበችው ነፋስ ከኋላ ለሚመጣበት ለደቡቡ ትልቅ ማዕበል ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ቀን አልሞላም። ከሁለት ወር በላይ፣ ዓለምን ሙሉ ዞረው! ሠንጠረዣችሁ የእነዚህን የሁለቱን የፎይል ቅርጽ ለማነጻጸር ግማሽ ገጽ ወስዷል። እኔ ግማሽ ገጹን ለሁለቱ ኮክፒቶች ሥዕል ብትሰጡት እመርጥ ነበር።

አንድ ስሕተትም አለ፤ አርሙልኝ። ክላስ 40 የሚባለውን ሌላ የጀልባ ክፍል «ትንሹ አይሞካ» ብላችኋታል። አይደለችም። በ12.19 ሜትሯ ክላስ 40 ላይ ፎይል ክልክል ነው፤ ወደ ጎን የሚያዘነብል ኪል ክልክል ነው፤ ቅርፏን ከካርቦን መሥራትም ክልክል ነው። በር ሁሉ ሲዘጋባቸው ነዳፊዎቹ ፍጥነቱን በቅርፏ ፈለጉት፤ ያገኙትም ክብ አፍንጫ ነው። ዳቪድ ራይዞን እ.ኤ.አ. በ2011 ሚኒ በሚባለው የ6.5 ሜትር ጀልባዎች ክፍል አፍንጫዋ የደነዘ ጀልባ ሠርቶ ራሱ እየነዳ አትላንቲክን የማቋረጥ ውድድር ሲያሸንፍ ስንቱ ሳቀ! ፎቶግራፏን ባየሁ ጊዜ እኔም ከሳቂዎቹ ነበርኩ፤ ታጥባ የተገለበጠች የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነበር የመሰለችኝ። ነገሩ ግን ቀላል ነው፦ ግንባሯ ሲሰፋ ስታዘነብል የምትደገፍበት ነገር ታገኛለች፣ ማዕበል ውስጥም አትሰካም። ዋጋው ነፋስን ተቃርና አጭር ማዕበል ላይ ስትሄድ ነው፤ ያኔ ትደበድባለች። ዛሬ በክላስ 40 ሹል አፍንጫ ይዞ አዲስ ጀልባ ላሠራ የሚል የለም ማለት ይቻላል።

ዣን ለ ካም ለ2024ቱ ውድድር አዲስ ጀልባ ያሠራው በዚሁ በራይዞን ነው፤ ፎይል የላትም፣ በምትኩ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ሰሌዳዎች አሏት። ጽሑፋችሁ ለ ካምን «ወደ ኋላ የቀረ» ይለዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ከዚያ ቀደም ባለው ውድድር ሰውየው 61 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራች፣ ፎይል የሌላት ጀልባ ይዞ፣ ከተሰባበረችበት ጀልባ በሕይወት አድን ታንኳ የወጣውን ኬቨን ኤስኮፊዬን በጨለማ ውስጥ ፈልጎ አንሥቶ፣ ለዚያ የባከነ ጊዜ ታስቦለት አራተኛ ወጣ። ያችኑ አሮጌ ጀልባ በቀጣዩ ውድድር የ23 ዓመቷ ቪዮሌት ዶራንዥ ወሰደቻት፤ በ90 ቀን ጨርሳ ገባች። ከዳሊን በ26 ቀን ዘግይታለች፤ ፎይል ፈጣን መሆኑን የሚክድ ሰው ሞኝ ነው። ነገር ግን ይህች ጀልባ አንድ ጊዜ ሽማግሌ፣ አንድ ጊዜ ወጣት ሴት ይዛ ሳትሰበርባቸው መልሳቸዋለች፤ ለዚህ የሚሆን ዓምድ ሠንጠረዣችሁ ውስጥ አላየሁም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ሠንጠረዡን ደግማችሁ የምታወጡ ከሆነ አራት መስመር ጨምሩበት፦ ሰውየው የሚተኛበት ቦታ ከዊንቹ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ይችል እንደሆነ፣ ከውስጥ ሆኖ ከፊቱ ያለውን በዓይኑ ነው ወይስ በካሜራ የሚያየው፣ ሸራ ለማሳጠር ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበት እንደሆነ። ቦታ ካጠራችሁ የምሰሶውን ከፍታ አውጡት፤ ለሁሉም አንድ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የንግድ መርከብ ሁለተኛ መኮንን