ስለ ዳኛ ዴሞን ኪት ለወዳጄ የጻፍሁት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ጠፍቼብህ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት በይግባኝ ሰሚ ችሎት መሰየምህን ሰምቼ ደስታው ስላላስቻለኝ ነው። በባዶ እጅ እንኳን ደስ አለህ ከምልህ ደግሞ፣ በ2019 በ96 ዓመታቸው ያረፉትን የዲትሮይቱን ጥቁር አሜሪካዊ ዳኛ ዴሞን ኪትን ላስተዋውቅህ ወደድሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኪት ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚያገለግልበት ጦር ውስጥ ዘምተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ፣ ዛሬ የእኛ ሰዎች ከሚበዙበት የዋሽንግተን ሰፈር አጠገብ ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1949 ተመረቁ። ለጥብቅና ፈተና ሲዘጋጁ የሚተዳደሩት የዲትሮይት ኒውስ ጋዜጣን ሕንፃ በማጽዳት ነበር። አንድ ነጭ ጋዜጠኛ የሕግ መዝገበ ቃላት ሲያነቡ አግኝቷቸው ምን እንደሚሠሩበት ጠየቃቸው፤ ጠበቃ ለመሆን እንደሚያጠኑ ሲነግሩት፣ ወለል መወልወላቸውን ቢቀጥሉ እንደሚሻላቸው መከራቸው።

በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በፖንቲያክ ከተማ ትምህርት ቤቶች የዘር ልዩነት እንዲቀር የሰጡት ውሳኔ ብርቱ ቁጣ ቀስቅሶ፣ በ1971 ተማሪ ማመላለሻ አውቶቡሶች በድማሚት እስከ መጋየት ደርሰዋል። ለአንተ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዚያው ዓመት ሌላ መዝገብ ነው። ሦስት ሰዎች በአን አርበር የሲአይኤን ቢሮ በቦምብ ለማፈንዳት አሢረዋል ተብለው ተከሰሱ። የአንደኛው የስልክ ንግግር ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መጠለፉ ሲታወቅ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን ሚቸል፣ ጠለፋውን ራሳቸው ለአገር ደኅንነት ሲሉ እንደፈቀዱ በመሐላ ቃል አረጋገጡ። ኪት ግን የዜጋን ስልክ ለመጥለፍ የዳኛ ፈቃድ ግድ ነው ብለው፣ የተጠለፈው ንግግር ለተከሳሹ እንዲገለጽ አዘዙ። መንግሥት ትእዛዙን ለማሻር አቤት ሲል ተጠሪ ያደረገው ፍርድ ቤቱን ስለነበር፣ የመዝገቡ ስም እስከ ዛሬ «ዩናይትድ ስቴትስ በዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ላይ» ተብሎ ይነበባል። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 ኪትን ደገፈ፤ የፍርድ ሐተታውን የጻፉት ደግሞ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኒክሰን ራሳቸው የሾሟቸው ዳኛ ፓወል ነበሩ። መንግሥትም ምስጢሩን ከመግለጥ ክሱን መተው መረጠ። ይህን ሐተታ ባነበብሁ ቁጥር ለዳኝነት ያለኝ ክብር ይጨምራል።

በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር ወደ ስድስተኛው ሰርኪዩት አሳደጓቸው፤ ይህ ሚሺጋንን፣ ኦሃዮን፣ ኬንታኪንና ቴነሲን የሚያካትት የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ደርሰውም ንቀቱ አልቀረላቸውም፤ በ1991 በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ያለው የመብቶች ድንጋጌ የጸደቀበት 200ኛ ዓመት በሚታሰብበት ጉባኤ ላይ፣ የብሔራዊ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ሳሉ፣ አንድ ሰው እንደ መኪና አቋሚ ሠራተኛ ቈጥሯቸው መኪናውን ወስደው እንዲያቆሙለት አዘዛቸው።

ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ መንግሥት «ልዩ ትኩረት የሚሹ» ያላቸውን የስደተኞች ጉዳይ በሙሉ በዝግ ችሎት እንዲታይ አዘዘ። የዲትሮይት ጋዜጦች አቤት ብለው ጉዳዩ በ2002 በይግባኝ ሲቀርብ ኪት 80 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ሦስቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ የደረሱበትን ውሳኔ የጻፉትም እርሳቸው ናቸው። «ዴሞክራሲዎች ከተዘጋ በር ጀርባ ይሞታሉ» የሚለው ቃላቸው ከዚያ የተወሰደ ነው። ውሳኔው የቆመበት ሕጋዊ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ችሎት የሚዘጋ ከሆነ መንግሥት በየመዝገቡ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት እንጂ በጅምላ ትእዛዝ መዝጋት አይችልም አሉ።

በዚያው ዓመት የፊላደልፊያው ሦስተኛ ሰርኪዩት በተመሳሳይ ጉዳይ ተቃራኒውን ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ልዩነቱን ሳይፈታው ቀረ። ሁለቱንም ውሳኔዎች አትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። እኔ ከኪት ጎን ነኝ። አንተ በዚያ ወንበር ብትሆን ኖሮ ከየትኛው ጋር ትቆም እንደነበር፣ ምክንያትህንም ጨምረህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ