ፊዚዮቴራፒውን ጽፋችሁ ንግግሩን ረሳችሁት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና አምዳችሁ ስለ ስትሮክ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ምጽፍላችሁ። ጽሁፉ ጥሩ ነው፣ ደም ግፊቱን፣ ጨው መቀነሱን፣ ፊት ሲጣመም እጅ ሲዝል ቶሎ ሆስፒታል መሮጡን ሁሉ ብላችኋል፣ ከዛ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋል ብላችሁ ዘጋችሁት። እኔ ደግሞ ስለ ንግግር አንድ መስመር እንኳን ትጠፋለች ብዬ አልጠበቅኩም። አፉ የተያዘበት ሰው ምን ይሁን? ዝም ብሎ ይቀመጥ?

አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጉልበቱን የጨረሰው አሰብ መስመር ላይ ነው፣ በ1990 ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። የሹፌር ወሬ ታውቁታላችሁ መቼም፣ ለቅሶ ቤት እንኳን እሱ የተቀመጠበት ጥግ ሳቅ አይጠፋም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ስትሮክ መታው፣ ቀኝ እጅና እግሩ ከዳው፣ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ከሆስፒታል ሲወጣ መድኃኒት ጻፉለት፣ ፊዚዮቴራፒ ጻፉለት፣ ስለ ንግግሩ ስጠይቅ "ቀስ እያለ ይመለሳል፣ አትጨነቂ" ተባልኩ። በቃ።

ቤት ስንገባ ከአፉ ሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ሆነ፣ "ነገ"። ውሃ ሲፈልግ ነገ፣ ሽንት ሲመጣበት ነገ፣ ሲናደድም ነገ። ካልተናገረ ይጽፋል ብለን ደብተር ሰጠነው፣ በግራ እጁ ታግሎ ታግሎ ፊደል ሚመስል ነገር ጫረና ወረወረው። ያኔ ነው "ጭንቅላቱ ሄዷል" ሚለው ሹክሹክታ የተጀመረው። የባሰው ደግሞ የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት ሲጀምሩ አባዬ አብሯቸው "አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር" ብሎ እስከ መጨረሻው ጥርት አድርጎ ወረደው! ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፣ ተአምር ነው ተባለ፣ እሳቸው እንደወጡ "አባዬ ሻይ ላምጣልህ?" ስለው "ነገ"። አክስቴ "ይሄማ እልህ ነው፣ ለእግዜር ሚናገር ለኛ ሚዘጋው" አለች፣ እኔም ልዋሽ አልችልም አንድ ሁለት ቀን ተቀይሜው ነበር።

ለካ ይሄ ነገር ስም አለው፣ አፌዝያ ይባላል። ምላሱ ደህና ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ቋንቋ ሚሰራው በግራ በኩል ያለው አንጎል ነው፣ የቀኝ የሰውነት ክፍልንም ሚያዘው እሱ ስለሆነ ነው ቀኝ እጅ ሲሰንፍ ንግግር አብሮ ሚሄደው። ሰውየው ያስባል፣ ያውቃችኋል፣ ቃሉ ነው እጅ አልሰጥ ያለው፣ መጻፉም የጠፋው ለዛ ነው፣ እሱም ያው ቋንቋ ነዋ። ከልጅነት ጀምሮ የተሸመደደ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ ሰላምታ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ስድብም፣ ሳይታሰብበት ራሱን ችሎ ሊወጣ ይችላል። ይሄን አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ቢነግረን አባዬን ባልተቀየምነው።

ትን ሚለውም ሌላ ጉድ ነው። ውሃ በማንኪያ ስንሰጠው ያስለዋል፣ እኛ ጉንፋን መስሎን ጋደም አድርገን እንደገና እናጠጣዋለን፣ ወር ሳይሞላው ሳንባ ምች ብሎ ተመልሶ ተኛ። ስትሮክ ለካ መዋጥንም ያዳክማል፣ ቀጭን ነገር ደግሞ ቶሎ ስለሚወርድ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ይገባል። አባዬን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ መስጠት ነበር ሚስማማው (ለሌላው ሰው ምን እንደሚሆን ባለሙያ አይቶ ነው ሚወስነው)። መዋጥን ሚያየውም ሚያሰለጥነውም የንግግር ቴራፒስት ነው፣ ስሙን ሰምቶ ይሄን ማን ይጠረጥራል?

እኛ እንዴት ደረስንበት መሰላችሁ፣ ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅ በስልክ "ስፒች አላስጀመራችሁትም እንዴ?" ብላ ጮኸችብኝ። የሷ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎት ስላልተናገረ ቤቷ ድረስ መጥተው አይተውላታል፣ ምርመራውንም ያለ ክፍያ፣ እዛ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በህግ የተቀመጠ ነው። አማርኛ ቤት ውስጥ እናቁም ወይ ስትላቸውም ኧረ በጭራሽ፣ በምትችሉት ቋንቋ ነው ልጁን ማውራት ያለባችሁ ነው ያሏት። ውጭ ያላችሁ ወገኖች ይቺን ያዙልኝ፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፣ ስንቱ ነው በዚ ፍራቻ ልጁን ከአያቱ ያቆራረጠው።

ጠይቀን አጠያይቀን አንድ ወጣት ባለሙያ አገኘን። መጀመሪያ የጠየቀችን ሥራው ምን እንደነበር ነው። ከዛ አጠገቡ ተቀምጣ "አባባ፣ አሰብ ልንሄድ ነው፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ..." ብላ ዝም አለች። አባዬ "ናዝሬት" አለ። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ... ሰርዶ ሲደርስ እንባው መጣ። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ ነው ምሰማው፣ ወጥ አረረብኝ። ቡና ማለት ሲያቅተው "ቡ" ብላ አፏን ታሳየዋለች፣ እሱ ይጨርሰዋል። አሁን ሐሙስ ማለት ሲፈልግ በጣቱ እየቆጠረ ከሰኞ ይጀምርና ሐሙስ ላይ ይቆማል፣ የራሱ ዘዴ ነው። እንደ ድሮው አያወራም፣ አልዋሻችሁም፣ ግን ሻይ ይላል፣ ስሜን ይጠራኛል፣ "ተይኝ" ይላል።

ይቺው ልጅ ለአባዬ ስትመጣ ነው የወንድሜን ልጅ ያየችው። ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖት ካምስት ቃል አያልፍም፣ እማዬ "አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው" ትላለች፣ ጎረቤት ምላሱ ታስሮ ነው ይቆረጥ ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ ስልክ ሰጥቶት ዩቲዩብ። እሷ ከኋላው ሆና ቁልፍ አንቋቋችና "ጆሮው ታይቷል?" አለች። አልታየም ነበር። ከጨቅላነቱ ጀምሮ ይመግል የነበረ ጆሮ ነው፣ በቅጡ አይሰማም ኖሯል! አሁን ታክሞ ልምምዱንም ይዞ አያትየውና እሱ ባንድ ላይ ይማራሉ፣ "ቡ" ስትል እኩል ነው ሚመልሱት።

ስለዚ የንግግር ቴራፒስት እዚህ አገር የለም አትበሉን፣ አለ፣ ግን ትንሽ ነው፣ ያለውንም ሚነግረን ጠፋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ያሰለጥናል። ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆች የካቲት 12 ሆስፒታል ይሰፋላቸዋል፣ ግን ላንቃ ስለተሰፋ ብቻ ንግግር ይስተካከላል ማለት አይደለም፣ ድምጹ በአፍንጫ ሚወጣባቸው አሉ፣ ልምምድ ይፈልጋሉ። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስም ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ ስንት ትምህርት ቤት አልቀበልም ብሏት ነው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው፣ በራሳችን ፊደል ድምጽ ሚያለማምድ ዘዴም አዘጋጅታ ነበር። ስለሚንተባተቡት ልጆች ልጽፍ ብዬ ቦታ አጠረኝ፣ መምህራን ግን ክፍል ፊት አቁማችሁ "ፍጠን!" አትበሏቸው፣ ሙሴም ኮልታፋ ነበር።

ምጠይቀው ብዙ አይደለም። የስትሮክ በሽተኛ ሲወጣ ፊዚዮቴራፒ ሚጻፍበት ወረቀት ላይ "ንግግርና መዋጥ ይታይ" ሚል ይጨመር፣ ባለሙያው እዛው ከሌለ የት እንዳለ ይጻፍ። እናንተም ጽሁፉን አሟሉት፣ የት የት አገልግሎቱ እንዳለ ደውላችሁ አጣርታችሁ አውጡልን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውንም ጭምር፣ የኛ ሰው ራይድ ተኮናትሮ በየሳምንቱ ሚመላለስበት አቅም የለውም።

ጋዜጠኛ ምትልኩ ከሆነ ሳሪስ ነው ያለነው፣ አባዬ ራሱ ያናግራችኋል። ከሰዓት ይደክመዋል፣ ጠዋት ኑ፣ ደግሞ አደራ ቃሉን ቀድማችሁ አትጨርሱበት፣ ያኔ ነው "ተይኝ" ሚለው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ